ጌኮው አይመልስም፣ እኔ ልመልስ

«ፍሊት አምጡና ንፉበት!»

ፍሊቱን ያስቀምጡት፣ እትዬ። መሬት ላይ። አዎ፣ እዚያው። አሁን እንነጋገር።

እርስዎ የሚታይዎት ትንኙ ነው። ለእኔ የሚታየኝ ትንኙ የሚዞርበት እንስሳ፣ ጌኮ የሚሉት እንሽላሊት ነው። ፍሊት ትንኝን ከጌኮ የሚለይበት ዓይን አልተሰጠውም። ሳሎን ውስጥ ቢነፋ መስኮት እንከፍታለን፣ እኛም ወደ በረንዳ ወጣ እንላለን። መስታወት ቤት ውስጥ ያለው በረንዳ የለውም። የተነፋው ሁሉ ቅጠሉ ላይ፣ ቅርፊቱ ላይ፣ የውኃ ጠብታው ላይ ያርፋል። ያን ጠብታ እየላሰ የሚጠጣው ማን ነው?

«እንግዲያው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያ!»

በምን ይጨፍን? ክሬስትድ ጌኮ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚያጸዳው በገዛ ምላሱ እየላሰ ነው። ዓይኑ ላይ ያረፈ መርዝ በማግስቱ ሆዱ ውስጥ ነው።

«እሺ፣ ከውጭ በኩል ልንፋ።»

ክዳኑ ወንፊት ነው፣ እትዬ። አየር የገባበት ሁሉ መርዝ ይገባበታል።

ተረብ ሁለት ምላስ ይፈልጋል። ጌኮው ምላስ አለው፤ ዓይኑን ሊያጸዳበት እንጂ ሊመልስበት አይደለም። ስለዚህ የሱን ድርሻ እኔ ወስጃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ የልጆቻችን መኝታ ቤት ውስጥ ጌኮ፣ ዘንዶና ኤሊ ከገባ ቆይቷል። ልጅ ያመጣውን እንስሳ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ይፈርድበታል። ጠበቃ ይቁምለት።

«አገር ቤት በድንጋይ የምናባርረውን፣ እዚህ በመብራትና በሙቀት መለኪያ ታንቀባርሩታላችሁ?» ይላሉ ጋሼ፣ ሶፋው ላይ እየተመቻቹ።

በድንጋይ ማባረራችን ትክክል ነበር ያለው ማን ነው፣ ጋሼ? ድሬዳዋ ሲያድሩ አምፖሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚያመሸውን ጌኮ አላዩትም? እሱ እኮ ትንኝ እየለቀመ ነው የሚያነጋው። እርስዎን የሚነክሰውን እየበላልዎት ጫማ ወረወሩበት። ይኼኛው ደግሞ የመጣው ከኒው ካሌዶኒያ ነው፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ በፈረንሳይ ሥር የምትተዳደር ደሴት ናት። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ዘሩ ጠፍቷል ተብሎ ተደምድሞ ነበር። በሕይወት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ሰው ቤት ተፈልፍሎ ያደገው ዘር ነው። ዓለም ሞቷል ብሎ ያለቀሰለትን እንስሳ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በፍሊት ልንገድለው አንችልም።

«ስንት ዓመት ሊቆይ ነው?»

በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት። የጌኮው ባለቤት ልጅቷ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ሽማግሌ ተልኮባት እሱ ይኖራል። እናም ትንኙን የምንይዝበት መንገድ ለአንድ ቅዳሜ የሚሆን ሳይሆን ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሚሆን መሆን አለበት።

«ትንኝ ትንኝ ነው፤ ምን መለያየት ያስፈልጋል?»

ያስፈልጋል። የሚወለዱበት ይለያያል፤ የሚወለድበትን ሳያውቁ የገደሉት ትንኝ በሳምንቱ በልጆቹ ይመለሳል። ጠጋ ብለው ይዩት። ጥቁር፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ሲበርም እዚያው አፈሩ አካባቢ እየተንገዳገደ ከሆነ የእርጥብ አፈር ትንኝ ነው። ቡናማ ቢጫ ሆኖ ዓይኑ ቀይ ከሆነ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ጀርባው ጎበጥ ያለ ሆኖ ሲነኩት ከመብረር ይልቅ መስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ከሆነ ፎሪድ ይሉታል፤ እሱን ካዩ የሞተ ነገር ይፈልጉ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ክንፍ የሌለው፣ ነጭ፣ የሚዘል ነጥብ ካዩ ግን እጅዎን ይሰብስቡ! እሱ ስፕሪንግቴል ነው፤ ሻጋታ እየበላ የጌኮውን ቤት የሚያጸዳ ነው። ልጅቷ ገንዘብ ከፍላ ነው ያስገባችው። በፍሊት እሱም ይሞታል፤ እሱ ሲሞት ሻጋታው ይነግሣል፣ ሻጋታው ሲነግሥ ትንኙ ይወፍራል።

አሁን ወደ እናትየው። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ነው፤ ቤቱም የሳቸው ነው፣ መብታቸው ነው።

«የልጄ እንሽላሊት ቤቴን በትንኝ ሞላው! ቡና ላይ ትንኝ፣ ዳቦ ላይ ትንኝ፣ እንግዳ ፊት ላይ ትንኝ!»

እሜቴ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን የጤና አዳም ማሰሮ ነቅነቅ ያድርጉት።

«ጤና አዳሜን ምን አድርጎኝ ነው የምነቀንቀው?»

ይነቅንቁት ብቻ።

ወጡ አይደል? ጥቁር ጥቁር፣ እግረ ረጅም። ከበሶብላውም ይወጣሉ። አገር ቤት ጤና አዳም ጓሮ በፀሐይ ነው የሚበቅለው፤ መሬቱ በቀን ይደርቃል። ሜሪላንድ በክረምት ማሰሮው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ማሞቂያው እየነፋበት፣ ፀሐይ ሳያይ፣ ውኃው በየማለዳው ይፈስበታል። ያ አፈር ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አይደርቅም። በዚያ ላይ ቡናው በፈላ ቁጥር አተላው ወዴት ይደፋል? ማሰሮው ውስጥ፤ ለማዳበሪያ ተብሎ። እርጥብ አተላ አፈር ላይ ሲተኛ ሻጋታ ያበቅላል፤ የትንኙ እጭ ዋና ምግብ ደግሞ ሻጋታና የበሰበሰ ነገር ነው። አንዷ ሴት ትንኝ ከ100 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለመድረስ በቤት ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይበቃዋል። እንግዲህ ቡናው በየቀኑ ነው የሚፈላው።

«አንተ ጤና አዳሜን ልትከስብኝ ነው?»

እኔ አልከስም፤ ድንች ይፍረድ። ጥሬ ድንች ይላጡ፣ ጣት በሚያህል ውፍረት ይቁረጡት። አንዱን ቁራጭ ማሰሮው አፈር ላይ ጫን አድርገው ያስተኙት፤ ሌላውን ልጅቷ ጌኮው ቤት ውስጥ ታስተኛው፤ ጌኮው እንዳይደርስበት ቅርፊት ትክደንበት። ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁና ይገልብጡት። ከሥሩ ውስጡ የሚታይ፣ ራሱ ብቻ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ትል ካገኙ፣ የትንኙ ማሳደጊያ እዚያ ነው። ከማሰሮው ሥር ከወጣ ልጅቷን ይቅርታ ይጠይቋታል። ከጌኮው ቤት ከወጣ እሷ ትጠይቅዎታለች። ከሁለቱም ከወጣ ተቃቅፋችሁ አብራችሁ ትሠራላችሁ፤ እኔ ባየሁት ቤት ሁሉ የሚሆነውም ይኼ ሦስተኛው ነው። ትንኙ በመስታወትና በሸክላ መሃል ድንበር አያውቅም፤ አንዱን ብቻ ያጸዳ ቤት ከሌላው ይሞላል።

ልጅቷ ድል ያገኘች መስሏት ፈገግ አለች። ቆይ፣ አንቺ ጋ መጣሁ።

«እኔ ቤቱን ንጹሕ ነው የማደርገው!»

መስታወቱን ነው የምትወለውይው፤ አፈሩን አላየሽውም። ይኼንን የአፈር ከረጢት ስትገዢ እንደ ጎርፍ ውኃ ያዘለ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ምን ያህል እንደከረመም አላወቅሽም። ትንኙ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚገባው በዚህ ነው፤ በከረጢት አፈርና በአዲስ ተክል ሥር። አዲስ ተክል ስታመጪ ለብቻው ሌላ ክፍል አቆይው፣ ሥሩን አጥበሽ አሮጌውን አፈር ጣዪው፣ ከዚያ ብቻ ወደ ጌኮው ይግባ።

«ቀይ ዓይኑስ? እሱም ከአፈር ነው?»

እሱ የሚፈላ ነገር ወዳድ ነው። እርሾ ሸትቶት የማይመጣበት ቤት የለም። የሐበሻ ቤት ደግሞ እርሾ የማይጠፋበት ቤት ነው፤ ቡኮው በባልዲ፣ እርሾው በማሰሮ፣ ለበዓል ጠላው በጀሪካን። ጋሼ ከሶፋው ሆነው «ዝንብ ቢሰበሰብ ድስት አይከፍትም» አሉ። ልክ ነዎት፣ ጋሼ፤ እኛ ነን የምንከፍትላቸው። የቡኮው ባልዲ ላይ ጥብቅ ያለ ጨርቅ ይታሰርበት፤ ክዳኑ ላይ የደረቀው ሊጥ ይጠረግ።

አንቺ ደግሞ ያን የጌኮ ገንፎ፣ የፍራፍሬውን ዱቄት በውኃ በጥብጠሽ በትንሿ ኩባያ የምታስቀምጪለትን፣ መቼ ነው የምታወጪው?

«ሲጨርሰው።»

ሳይጨርሰው ነው የሚፈላው። ማታ ከሰጠሽው በማግስቱ ማታ ይውጣ። ቶማስ ሃንት ሞርጋን የሚባል ሳይንቲስት ነበር፤ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ። ይቺኑ ቀይ ዓይን ዝንብ በወተት ጠርሙስ ውስጥ፣ በሙዝ እየቀለበ አራብቶ የዘር ውርስን ምስጢር አጠናባት፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ኖቤል ተሸለመ። የመረጣት ደግሞ ቶሎ ስለምትራባ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ አሥር ቀን ገደማ ነው የሚፈጅባት። የሙዝ ገንፎ ለሦስት ቀን ኩባያ ውስጥ ስትተዪ ከሞርጋን ጋር እኩል አራቢ ሆነሻል።

እዚህ ላይ አንድ የሚሠራ ነገር ልስጥሽ። ከመስታወት ቤቱ ውጭ፣ አጠገቡ፣ በትንሽ ብርጭቆ የፖም አቼቶ አስቀምጪ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪበት። ሳሙናው ፈሳሹ ላይ መቆም እንዳይችሉ ያደርጋቸዋል። ለቀይ ዓይኑ ነው እንጂ ለአፈሩ ትንኝ ብዙም አይረባም፤ የአፈሩ ትንኝ አቼቶ አያጓጓውም። ከውጭ ነው ያልኩሽ። ከውጭ!

«ቢጫውን ማጣበቂያ ወረቀትስ? ውስጥ ልስቀለው?»

ጅራቱን ጠልተሽበታል?

«ለምን እጠላበታለሁ!»

ክሬስትድ ጌኮ ሲደነግጥ ወይም ሲያዝ ጅራቱን ጥሎ ይሸሻል። አብዛኛው ጌኮ ጅራቱ መልሶ ይበቅልለታል፤ ይኼኛው አይበቅልለትም፣ እስኪሞት ድረስ ያለ ጅራት ነው። ያ ወረቀት የቆዳም ሙጫ ነው። አምስት ግራም የሚሆን ግልገል ተጣብቆ ሲታገል ቆዳው ይላጣል፣ ጅራቱ ይቀራል። ወረቀቱ በጣም ጠቃሚ ነው፤ ቢጫ ቀለም ትንኙን ይስበዋል፣ የተያዘውን ቆጥረሽም እየቀነሰ መሆኑን ታውቂበታለሽ። ቦታው ግን ከመስታወቱ ውጭ፣ እና ጤና አዳሙ ማሰሮ ውስጥ ነው። ጌኮው ሲወጣ ሊረግጠው ከሚችልበት ግድግዳ ላይ ሁሉ ይነሣ። ምናልባት ግን ተጣብቆ ብታገኚው አትጎትቺው! የምግብ ዘይት በጥጥ አድርገሽ ሙጫውን ቀስ በቀስ አሟሚው፣ ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም።

ባለ ሱቁም አስተያየት አለው፤ ባለ ሱቅ መቼ አጥቶ ያውቃል።

«አፈሩን አድርቂው፤ ይሞታሉ።»

ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ጌኮ ይገድላል። የትንኙ እንቁላልና እጭ የሚኖሩት በላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ያ ሽፋን ሲደርቅ ይጎዳሉ፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ እንስሳ የዝናብ ደን ልጅ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 እስከ 80 በመቶ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ያደረቅሽበት ቀን ቆዳውን በትክክል መግፈፍ ያቅተዋል፤ ጣቶቹ ላይ የቀረው ቆዳ ደም አግዶ ጣት ያስቆርጣል። ሙቀት ጨምሬ ላድርቀው እንዳትዪም፤ ከ28 ዲግሪ በላይ አደጋ ነው። መንገዱ ይኼ ነው፦ ማታ ማታ ቅጠሉንና መስታወቱን ርጪ፣ አፈሩን ተዪው። ቀን ቀን የላይኛው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይድረቅ፣ ማታ ቅጠሉ ይራስ። ከአፈሩ ሥር ጠጠር ወይም የተጋገረ የሸክላ እንክብል ይደርደር፤ ትርፉ ውኃ ወደዚያ ይውረድ። ከሥር ውኃ ቋጥሮ የሚሸት ከሆነ አፈሩ ታምሟል፤ በትንሽ ቱቦ ስበሽ አውጪው።

ቢርድድ ድራገን የሚባለውን እንሽላሊት ለያዘ ልጅ ግን ምክሬ ሌላ ነው። እሱ ከአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው፤ ቤቱ ደረቅ ነው፤ እዚያ ትንኝ ካለ ከሰላጣው ቁራጭ፣ ከኩሱ ወይም ከውኃ ሳህኑ ሥር ነው። አንሥቶ መጥረግ ነው፣ አለቀ።

አሁን ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደውን መድኃኒት ላምጣ።

«መድኃኒት አትንኩ ስትል ቆይተህ!»

መርዝ አትንኩ ነው ያልኩት፣ እትዬ። እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ውስጥ፣ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ከአንድ ኩሬ ጭቃ አንድ ባክቴሪያ ተገኘ። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ኢስራኤለንሲስ ይባላል፤ ባጭሩ ቢቲአይ ይሉታል። ይህ ባክቴሪያ የፕሮቲን ክሪስታል ይሠራል። የወባ ትንኝ፣ የጥቁር ዝንብና የዚህ የእኛ የአፈር ትንኝ እጭ ሲበላው፣ እጩ ሆድ ውስጥ ያለው አልካላይን ክሪስታሉን ይፈታዋል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳዋል፤ እጩ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። ጌኮ ሲውጠው ምንም አይሆንም፤ የሱ ሆድ አሲድ ነው፣ ክሪስታሉ የሚይዘው ቦታም የለውም። እኛም፣ ድመትም፣ ወፍም እንደዚያው ነን። ስፕሪንግቴሉም አይነካም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የወንዝ ዓይነ ስውርነትን በሚያመጣው ጥቁር ዝንብ ላይ በተደረገው ዘመቻ ወንዝ ውስጥ ሲረጭ ኖሯል፤ ዓሣው እየዋኘ፣ ሰው እየጠጣ።

«የት ይገኛል?»

የጓሮ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ። ለወባ ትንኝ ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ ክብ ደረቅ ነገር ሆኖ ይሸጣል። ሩቡን ቆርሰሽ አንድ ጆግ ውኃ ውስጥ አሳድሪ፤ ጠዋት ውኃውን አጥልለሽ አፈሩ ላይ አፍስሺ፤ ለጤና አዳሙም እንዲሁ። ማሸጊያው ላይ «ኢስራኤለንሲስ» መባሉን አይተሽ ግዢ። «ኩርስታኪ» የሚል ከሆነ መልሺው፤ እሱ አባጨጓሬ ገዳይ ነው፣ ለትንኝ አይሆንም።

«አፍስሼ ነበር፤ በማግስቱ ትንኙ እንዳለ ነው!»

ምን ልትጠብቂ ነበር? ቢቲአይ ክንፍ ያለውን አይገድልም፤ እንቁላሉንም አይነካም፤ የሚገድለው የሚበላውን እጭ ነው። ክንፍ ያወጣው የቀረውን አንድ ሳምንት ያህል ዕድሜውን ይኖራል፤ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ለአራት ለአምስት ሳምንት ትደግሚዋለሽ። ሁለት ሳምንት ሠርተሽ «አይሠራም» ያልሽው መድኃኒት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሊጨርሳቸው ነበር። ትዕግሥት አጥተሽ የተውሽው ትንኝ አያመሰግንሽም፤ ይወልዳል።

ሌላም ወዳጅ አለ፤ በዓይን የማይታይ ትል። ስታይነርኔማ ፌልቲኤ ይሉታል፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ገብቶ የትንኙን እጭ ፈልጎ ውስጡ ይገባል። እስኪፈስ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

«ትል? ከእርጎዬ አጠገብ?» አሉ እናትየው።

ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ እሜቴ፤ ሰው ላይ አይኖርም፣ ጌኮው ላይም አይኖርም። ልጅቷ ለብቻው በክዳን ዕቃ ትከተው፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ካስጠላዎት ቢቲአዩ ብቻውን ይበቃል፤ በዚህ አልጣላዎትም።

ወደ ፎሪዱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ያ ጎባጣ ሯጭ ከመጣ፣ ልጄ፣ መድኃኒት አትፈልጊ፤ ሬሳ ፈልጊ። ለጌኮው የወረወርሽው ፌንጣ ሳይበላ ቀርቶ ቅርፊቱ ሥር ሞቷል። ዘንዶ የያዘ ጓደኛሽ ካለ፣ ያልተበላ አይጥ ወይም ከሥር የቀረ ኩስ ይፈልግ። ሬሳው ሲወጣ ፎሪዱም ማደጊያ ያጣል። ፌንጣ ስትሰጪ ከፊትሽ ይብላ፤ የተረፈውን ሰብስቢ። ይህን ዝንብ ቀለል አድርገሽ የማታዪበት ምክንያት አለ፤ ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላል ይጥላል። ውጭ ግቢ ውስጥ የሚኖር ኤሊ፣ ቁስል ካለው ወይም ቂጡ ከቆሸሸ፣ ትል ሊወረው ይችላል፤ ያ የቤት ውስጥ ጨዋታ አይደለም፣ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። የእንስሳው ቅርፊት ላይ የሚሄድ፣ የማይበር ጥቁር ነጥብ ካየሽም እንደዚያው፤ እሱ መዥገር ቢጤ ነው፣ ደም ይመጥጣል፤ ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ ጉዳይ ነው።

«ዕጣን ባጨስስ? ትንኝ ያባርራል» አሉ እትዬ፣ ፍሊቱን ትተው።

ፍሊቱን በመተውዎ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ዕጣኑ ግን ለቡናው ይሁን። ጢሱ ትንኙን ለጊዜው ያሸሸዋል፤ አፈር ውስጥ ያለውን እጭ አይደርስበትም። ጌኮው ደግሞ ጢሱን ሸሽቶ የሚሄድበት የለም፤ ሳንባው ትንሽ ናት። ቡናው ሳሎን ይፈላ፣ የልጅቷ ክፍል በር ይዘጋ፣ የሳሎኑ መስኮት ይከፈት።

እና ማጠቢያውን ልናገር፤ ይኼን ስናገር ማንንም አልምርም። የጌኮው የውኃ ሳህን፣ የገንፎው ኩባያ፣ ቅርፊቱ ስኒ የሚታጠብበት ማጠቢያ ውስጥ አይታጠብም! ጤነኛ የሚመስል ተሳቢ እንስሳ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊቱ ከአራት ኢንች ያነሰ ኤሊ መሸጥ የከለከለው ለዚሁ ነው፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቱት ታመው ነበር። ትንኝና ዝንብም ኩሱ ላይ ያረፈ እግሩን ዳቦው ላይ ያሳርፋል። ለሱ የተለየ የፕላስቲክ ሳህን ይኑረው፣ መታጠቢያ ቤት ይታጠብ፣ ገንዳው ይጸዳ፤ እጅ በሳሙና። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ወንድም ካለሽ ጌኮውን አይንካው። «ሳመው እስቲ» የሚል አጎት ካለም እጁን ያዙልኝ።

«ይኼን ሁሉ አድርጌ ባይጠፉስ?»

ያኔ አፈሩ ይውጣ። ጌኮውን ክዳኑ የተበሳ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ እርጥብ ወረቀት ፎጣ አንጥፈሽ፣ የሚደበቅበት ነገር ሰጥተሽ አስቀምጪው፤ በዚያ ለጥቂት ቀን ምንም አይሆንም። ሲያዝ ከሥር በኩል እጅሽን ዘርግተሽለት ራሱ ይውጣበት፣ ጅራቱን አትንኪ። ቅርፊቱንና ድንጋዩን በፈላ ውኃ አጥቢ። መስታወቱን በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂ፣ በደንብ ይድረቅ። የተክሉን ሥር አጥበሽ አሮጌውን አፈር በሙሉ አራግፊ። ስፕሪንግቴሉን አዲስ ትገዣለሽ፤ ያሳዝናል፣ ግን ከአሮጌው አፈር ጋር እንቁላሉን መልሰሽ እንዳታስገቢ። አሮጌውን አፈር በፕላስቲክ ቋጥረሽ ከቆሻሻው ጋር ጣዪው፤ የአፓርታማው አበባ መደብ ላይ እንዳትደፊው፣ እዚያ ያልነበረ ነፍሳት ትለቂያለሽ። የጤና አዳሙንም አፈር በዚያኑ ቀን ለውጪው፤ እናትሽን ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ውኃውንም ከዚያ ወዲያ አንቺ አጠጪው፣ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰደሽ ደረቅ መሆኑን አይተሽ።

«አተላውንስ ወዴት ልድፋው?» አሉ እናትየው።

ውጭ ጓሮ ካለዎት እዚያ፣ ከሌለ ቆሻሻው ውስጥ፣ እሜቴ።